ተጥላ የተመለሰችው ገብስማ

ደርበው በሩን በትከሻው ገፋ አድርጎ ሲገባ ይመኙሽ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በጋቢው እቅፍ ያደረገውን አየች። ቢላዋው ከእጇ አምልጦ ከነድንቹ ሳፋው ውስጥ ገባ፤ እሷ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ዶሮ ናት። ገብስማ ቄብ። ላባዋ በዝናብ ርሶ ተጣብቋል፤ አንገቷን ቀብራለች፤ ዐይኗ ተከድኗል። እግሯ ላይ ቀይ ክር አለ። ያን ክር ይመኙሽ ከአሮጌ ቀሚሷ ጥለት መዝዛ፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ በገዛ እጇ ያሰረችው ነው።

«በስመ አብ ወወልድ!» አለች።

«ምን ያስደነግጥሻል? ዶሮ ናት እኮ» አለ ደርበው፤ ጋቢውን እያራገፈ። «ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው በኩል፣ መንታው መንገድ ላይ ተጥላ አገኘኋት። እግሯን አስረው ዝናብ ላይ ጥለዋት ሄዱ። ምን ዓይነት አረመኔ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

አረመኔዋ ፊቱ ተቀምጣለች።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ደርበው የቆሰበር ጋሪ ነጂ ነው። መንግሥት እንጅባራ ይበላት እንጂ ለእሱና ለጓደኞቹ ከተማዋ ዛሬም ቆሰበር ናት። ባጃጅ መንገዱን ሳይሞላው በፊት ሰውንም እህልንም ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ባጃጆቹ መጥተው ሰዉን ሲነጥቁት አላጉረመረመም፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ ድንችና ከሰል መጫን ያዘ። ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነበረው። ሌላው ሰው ለሚስቱ የሚነግረውን ደርበው ለቦራ ይነግረው ነበር። ይመኙሽ ይህን ታውቃለች፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ትቀናም ነበር። ሴት በፈረስ ስትቀና ሰው ይስቃል እንጂ፣ ፈረሱ ከእሷ በላይ ወሬ ካወቀ ምን ታድርግ?

ግንቦት ላይ ቦራ ቁርጠት ያዘውና ሲንደባለቅ ውሎ ሞተ። ደርበው አላለቀሰም። እጁን ታጠበና ገብቶ ተኛ። በማግስቱ ሲነሣ ምሳ ቀረበለት፤ አንድ ጉርሻ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «እህል አፌን አልገባ አለ» አለ። በዚያው ቀረ።

ይመኙሽ ያላደረገችው የለም። ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ጨጓራ ነው ብለው ኪኒን ሰጡት። ጠበል አስጠመቀችው። የአጃ ሾርባ፣ ተልባ፣ ማር በወተት፣ ቅቤ የበዛበት ገንፎ፤ ሁሉንም አቀረበች፤ ሁሉንም መልሳ አነሣች። ሰውየው ከሳ። ሱሪው አልቆም ሲለው ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ቆይቶም ሌላ በሳ። አንድ ቀን እንደ ቀልድ፣ «እህል ውሃዬ አልቋል መሰለኝ» አላት። ያን ዕለት የይመኙሽ ልብ ስንጥቅ አለ። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ በዚያ ቤት ማን ሊቀር ነው?

ምክሩ የመጣው ከዋጋዬ ነው። ዋጋዬ ጎረቤታቸው ናት፤ በገበያ ቀን ዶሮና እንቁላል ትሸጣለች፤ በሌላው ቀን ምክር ታድላለች። «እቴ፣ ይኼ የኪኒን ነገር አይደለም» አለቻት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፈረሱ ሲሞት የወጣው ነገር እሱ ላይ አርፏል። ጭዳ አድርጊለት። ገብስማ ትሁን፤ እንቁላል ያልጣለች ቄብ። ሳያይሽ ራሱ ላይ ታዞሪያታለሽ፤ የእሱ ደዌ ላንቺ ይሁን ትያለሽ፤ ከዚያ መንታ መንገድ ላይ መጣል ነው። ስትመለሺ ዞረሽ እንዳታዪ። ያነሣት ሰው በሽታውን ያነሣል፤ እሱ ደግሞ የራሱ ጉዳይ።»

ደንቡ አርዶ መጣል ነበር። ግን ሴት አታርድም። ዶሮ ለማረድ ወንድ ያስፈልጋል፤ የቤቱ ወንድ ደግሞ የተኛው ሰው ራሱ ነው፤ እሱም እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የሚስቅ ሰው ነው። «እግዜር በሽታ ሲልክ አድራሻ አይሳሳትም፤ ለዶሮ የላከው መስሏችሁ ነው?» እያለ ሲያላግጥ ስንቴ ሰምታዋለች። የንስሐ አባቷ ቢሰሙ ደግሞ ስግደቱ ወገቧን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር፣ ከእነሕይወቷ ልትጥላት ቆረጠች። የቀረውን ቀበሮ ይጨርሰው አለች።

እናም በዚያ ጠዋት ደርበው ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቶ ሳለ፣ ዶሮዋን ራሱ ላይ አዞረች፤ ዋጋዬ ያስጠናቻትን አለች፤ እግሯን አስራ በነጠላዋ ሸፈነችና ወጣች። ጥላት ተመለሰች፤ ዞራ አላየችም። ከዚያ እንስራዋን ይዛ ቧንቧ ጋ ወረፋ ያዘች። ውሃ ቀድታ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። ተነሣ! በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ወጣ! ሰው እንዳይሰማት አፏን በነጠላዋ ይዛ እልል አለች። ቁርስ ይፈልግ ይሆናል ብላ ድንች መላጥ ጀመረች። ከዚያ ነው በሩ የተከፈተው።

አሁን ነገሩን በልቧ አሰላሰለችው። ዶሮዋ ጠዋት ደህና ነበረች፤ ነጠላዋ ውስጥ ስትራገጥ ክንዷን ቧጥጣታለች። አሁን አንገቷን ማቅናት አቅቷታል። ማለት በሽታው ተላልፏል። ሰውየው ደግሞ ስንት ቀን ሙሉ ከደጃፍ ሳያልፍ ኖሮ፣ ዛሬ በእግሩ መንታው መንገድ ድረስ ሄዷል። ማለት ለቆታል። ሁሉም ዋጋዬ እንዳለችው ሆኗል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ምድር ላይ፣ ይህ ሁሉ ሰው በሚያልፍበት መንገድ፣ ያነሣት ማን ሆነ? ያነሣት ያነሣል፤ ደርበው የገዛ በሽታውን አቅፎ ቤቱ ይዞት ገባ።

«ጣላት!» ብላ ጮኸች። «አሁኑኑ መልሰህ ጣላት! ፈንግል ነው፤ አታያትም እንዴ? በሽተኛ ናት!»

ደርበው አያት። «እኔስ በሽተኛ አይደለሁም? ልትጥይኝ ነው?»

ይመኙሽ ሳፋው ውስጥ ቢላዋዋን መፈለግ ጀመረች፤ ሌላ የምትይዘው ስላጣች።

ፈረስ ያሳደገ ሰው እጁ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ያውቀዋል። ደርበው ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ቦራ በብርድ ጊዜ ይለብሰው የነበረውን ጆንያ አውርዶ ዶሮዋን አደረቃት፤ ቅርጫት ውስጥ ደረቅ ሣር ጎዝጉዞ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጣት። ጉሮሮዋ ሥር ያለችውን የእህል ከረጢት በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። «ባዶ ነው» አለ። ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ አመጣ፤ አፏን ከፈት አድርጎ በጠብታ አጠጣት፤ አንዱን ስትውጥ፣ አንዱን ስትተፋ። ነጭ ሽንኩርት በቅቤ ወቅጦ እንደ ምስር ፍሬ አድቦልቡሎ በጣቱ ገፋላት። ዶሮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አነጠሰች፤ ተኛች። ደርበውም ከቅርጫቱ አጠገብ ቁጭ አለ። ይመኙሽ ከወዲያ ማዶ ሆና ሁለቱን አየች፤ ልቧ ግን የሚለው ሌላ ነበር፦ እመቤቴ፣ እባክሽ ትሙት።

አልሞተችም። ግን አልበላችም። ገብስ ሰጣት፤ አላየችውም። የጤፍ ብጣሪ በተነላት፤ ላዩ ላይ ተኛችበት። የተቀቀለ ድንች ፈጭቶ አቀረበላት፤ አንዴ በአንድ ዐይኗ አየችውና ዐይኗን መልሳ ከደነች። ደርበው ተናደደ። «አንቺ ዶሮ፣ ምን አጠፋሁብሽ?» ይላታል። ይመኙሽ ትሰማዋለች፤ ይህንኑ ቃል እሷ ራሷ ለእሱ ስንቴ ብላዋለች።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ (የቆሰበር ዝናብ ሐምሌ ላይ እንግዳ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው) ደርበው ድንገት ብድግ አለ። «ቦራም እንዲህ ነበር» አለ። «ብቻውን ከሆነ ገለባ አይነካም። አጠገቡ ቆሜ ቆሎ ስቆረጥም ነበር የሚበላው። ይመኙ፣ ቆሎ አለ?»

ይመኙሽ የምትሰማውን አላመነችም። ቆሎ? የምግብ ስም ከአፉ ሲወጣ ስንት ጊዜ ሆነው? ሮጣ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበች። ደርበው ከቅርጫቱ ፊት ተንበረከከ፤ አንድ ፍሬ አፉ ከተተና እየጮኸ ቆረጠመ። በጣቱ ጥፍር ሰፌዱን ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ እናት ዶሮ ጫጩቶቿን ስትጠራ እንደምታደርገው። ሌላ ፍሬ ቆረጠመ። ጠቅ ጠቅ። ዶሮዋ አንገቷን አወጣች። ደርበው ትንፋሹን ያዘ። ዶሮዋ አንድ የገብስ ፍሬ አነሣች፤ ጣለችው፤ እንደገና አነሣችው፤ ዋጠችው።

«እሰይ!» አለ ደርበው። «እሰይ የኔ እመቤት!» ደስታው ራሱን አስረሳውና ከቆሎው አንድ ጭብጥ ሙሉ አፉ ጨመረ።

ማንም ሴት ብትሆን ይህን ስታይ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ይመኙሽ ግን ደርቃ ቀረች። ባሏ በላ፤ ያን ሁሉ ቀን በጸሎት የለመነችው ነው። ዶሮዋ በላች፤ ያ ደግሞ የሞት ፍርዱ ነው። የትኛውን ታልቅስ፣ የትኛውን ትሳቅ? ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

በማግስቱ ወደ ዋጋዬ ሮጠች። ዋጋዬ የሆነውን ስትሰማ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ወይ ጉድ! ራሱ አነሣት? በገዛ እጁ?»

«በገዛ እጁ። አሁን ደግሞ ያስታምማታል። ትበላለች።»

«ትበላለች?» ዋጋዬ ክው አለች። «አይ እቴ! ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ አሉ፤ ይኼው ነው። እሷ ከዳነች ደዌው የት ይገባል? ባለቤቱን ያውቀዋል፤ ይመለሳል እንጂ! ሳትሽር ጨርሺያት። ወንድ ፈልጊና አሳርጃት።» ከዚያ ፊቷን አተኩራ አየቻት። «ደግሞ አንቺ ምን ሆነሻል? ጉንጭሽ የት ሄደ?»

ይመኙሽ ስለ ጉንጯ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። የሚያርድ ወንድ ትፈልግ ጀመር። ደጃቸው ላይ እንጨት የሚፈልጠው አየነው ደግ ሰው ነው፤ አንድ ነውር ብቻ አለበት፦ ድምፁ። ሲያንሾካሹክ እንኳ ከገበያ ማዶ ይሰማል። ደርበው ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ጠብቃ፣ ዶሮዋን ከቅርጫቱ አንሥታ በጓሮ በኩል ይዛለት ሄደች።

«እባክህ አየነው፣ ይህችን ቶሎ እረድልኝ። ለማንም አትናገር።»

አየነው መጥረቢያውን አስቀመጠ። ዶሮዋን ተቀበለ፤ ክንፏን ገልጦ አየ፤ ተገረመ። ከዚያ የሰው ቤት ዶሮ ባለቤቱ እያለ ማረድ ጨዋነት አይደለምና፣ ደጅ ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ ጮኸ፦ «ደርበው! ዶሮህን ልረድልህ ወይ?»

ይመኙሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ደርበው ዱላውን ተደግፎ ተነሣ። ቀስ ብሎ መጣ። ዶሮዋን ከአየነው እጅ ወሰደ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሚስቱን ረዘም አድርጎ አያት። ከዚያ ለአየነው «በዓል ሲሆን እጠራሃለሁ» ብሎ ገባ። ይመኙሽም ተከትላው ገባች። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገራትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዶሮዋን ከዐይኑ አላራቃትም። ከቤት ሲወጣ በጋቢው ይዟት ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። በጥምቀት ፈረስ ላይ ተቀምጦ አቧራ ያስነሳ የነበረ ሰው ዶሮ አቅፎ ሲዞር ማን የማይስቅ አለ? እሱ ግን ለሳቁ ግድ አልሰጠውም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ይመኙሽ በፍርሃት ዐይን እያየች ቆጠረችው። ዶሮዋ ቆመች። ከቅርጫቱ ወጣች። ድንቹን በላች፤ ደርበውም ከፊቷ ተቀምጦ ከድንቹ በላ፤ በሚጥሚጣ አስነክቶ። ማታ ማታ የእህል ከረጢቷን ዳስሶ «ሞልቷል» ይላል፤ ከዚያ ለራሱ እራት ይጠይቃል። ሽሮ ጠየቀ። ቀጥሎም ጎመን በሥጋ ጠየቀ። ቀበቶው ላይ ወደ ቀድሞው ቀዳዳ ተመለሰ። በየጉርሻው የይመኙሽ ልብ ይዘላል፤ አሁን ይወድቃል፣ አሁን አንቆት ይቀራል ትላለች። የሚመጣው ነገር በቀረ ቁጥር የበለጠ አስፈራት፤ የዘገየ መከራ ይከብዳል ብላ። ምሳ ስታቀርብ ውሃ ብቻ ትጠጣለች። እንቅልፍ አጣች። እሷ ግን ይህን አላስተዋለችም፤ ዐይኗ ሁሌም ወይ ሰውየው ላይ ነው፣ ወይ ዶሮዋ ላይ።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ደርበው ደጅ ቆሞ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ፈረስ ይነጋገራል፤ ከአዲስ ቅዳም የመጣ፣ ግልገል ፈረስ ያለው ሰው። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር። በዚያው ቅጽበት ቤት ውስጥ ዶሮዋ ከአልጋው ሥር ወጣች፤ አንገቷን አቀናች፤ ጎረቤት እስኪሰማ ካካታዋን ለቀቀችው። ይመኙሽ ጎንበስ ብላ አየች። አልጋው ሥር፣ አሮጌ ጫማ አጠገብ፣ ትንሽ እንቁላል አለች፤ ገና ሙቀቷ ያልወጣ።

ቄቧ እንቁላል ጣለች። አሁን ያበቃለት ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ድናለች፤ ደዌው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ባለቤቱን ፍለጋ ወደ ደጅ፣ ወደዚያ ወደሚስቅ ሰው ሊሄድ ነው። ይመኙሽ «ደርበው!» ልትል አፏን ከፈተች። ቤቱ ዞረባት። ምሰሶውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ አላገኘችውም፤ ወደቀች።

ዐይኗን ስትገልጥ ራሷ ደርበው ጭን ላይ ነው፤ ፊቷ ውሃ ነክቶታል። ባለ ፈረሱ ሄዷል። የደርበው ፊት ዐመድ መስሏል፤ ለቦራ እንኳ እንዲህ ሲሆን አላየችውም። እጁን አንገቷ ሥር አደረገ፤ ክንዷን ዳሰሰ፤ አጥንቷን አገኘው።

«ይመኙ፣ መቼ ነው እህል የቀመስሽው?»

አሰበች፤ መልሱን አጣችው። ያን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው፤ ከዕንባው ጋርም ሁሉ ነገር ወጣ። «ጭዳህ ናት!» አለችው። «ያቺ ዶሮ የአንተ ጭዳ ናት ደርበው። የጣልኳት እኔ ነኝ። ተኝተህ ሳለ ራስህ ላይ አዞርኳት። አንተ ደግሞ ሄደህ አነሣሃት፤ አዳንካት፤ አሁን ይመለስብሃል፤ እኔ ገደልኩህ!»

«አውቃለሁ» አለ ደርበው።

የይመኙሽ ዕንባ መሀል ላይ ቀጥ አለ። «ምን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ሴትዮ፣ ዶሮ ፊቱ ላይ ክንፏን እያራገበች የሚተኛ ሰው አይተሻል? ላባ አፌ ገብቶብኝ ነበር።»

ከተጋደመችበት ተነሥታ ቁጭ አለች። ድንጋጤዋ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። ያን ሁሉ ቀን ስትነድ፣ ያን ሁሉ ቀን ልቧ ሲዘል፣ ሰውየው ያውቅ ነበር! መንታው መንገድ ላይ ያገኛት በአጋጣሚ አልነበረም፤ ሊያነሣት ነው የወጣው። «ታዲያ ለምን?» አለች። «እያወቅህ ለምን አነሣሃት? ለምን እኔን በእሳት ጠበስከኝ?»

«መጀመሪያ ልስቅ ነበር» አለ። «ትጣላት፣ ደስ ይበላት ብዬ ዞሬ ልተኛ ነበር። ከዚያ መጨረሻ ላይ የጨመርሽውን ሰማሁ።»

የጨመረችው? ዋጋዬ ያስጠናቻት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ የእሱ ደዌ ላንቺ ይሁን። እሱን ብላለች። ከዚያ... ከዚያ የባሏን የከሳ ጉንጭ አየች፤ ዶሮዋ ደግሞ ትንሽ ነበረች፤ ይህን ሁሉ በሽታ አትችለውም ብላ ፈራች። ያን ጊዜ ከአፏ ያመለጠውን ቃል አሁን አስታወሰችው። ማንም አላስጠናትም።

«እሷ ካልበቃች ለእኔ ይሁን አልሽ» አለ ደርበው። «እኔ በጭዳ አላምንም፤ ታውቂያለሽ። አንቺ ግን ታምኛለሽ። ዶሮዋ ሞታ እኔ ሳልሻል ብቀር፣ ተራው የእኔ ነው ብለሽ አልጋ ላይ ትወጪ ነበር። ያልሽውን ካላደረግሽ እንደማትተኚ ሃያ ዓመት አውቅሻለሁ። ምን ላድርግ? ዶሮዋ መሞት አልነበረባትም፤ እኔም መሻል ነበረብኝ። እሷ ደግሞ ካልበላህ አልበላም አለችኝ።»

ደጅ ላይ አየነው እንጨት ሲፈልጥ ይሰማል። ይመኙሽ በዚህ ቤት ወሬው ሁሉ ለፈረስ ነው ብላ ነበር የምታስብ። ይህ ሰው ስለ እሷ ይህን ያህል ያስባል ብሎ የነገራት አልነበረም፤ ራሱም አልነገራትም፤ ዶሮ አቅፎ ሰፈር ሲስቅበት ዝም ብሎ ዞረ እንጂ።

«እያወቅህ ዝም ማለትህን አልምርህም» አለችው፤ በመጨረሻ።

«አትማሪኝ። ግን ያን ቃል መልሽው። አሁን፣ እየሰማሁሽ። አልተባለም በይ።»

ይመኙሽ አየችው። ጉንጩ ሞልቷል። ጢሙን ተላጭቷል። ፈረሱ እንዳያመልጠው ባለ ፈረሱን ለገበያ ቀን ቀጥሮት መሆን አለበት፤ ዐይኑ ውስጥ ያንን አይታለች።

«አልመልሰውም» አለች።

በዚያ ቤት ያን ክረምት ሁሉ የደነገጠችው እሷ ነበረች። አሁን ግን ክው ያለው ደርበው ነው። አገጩ ወረደ፤ ዱላውን አነሣ፤ አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ሞሰቡን ከነክዳኑ ራሱ አቅፎ አወጣ፤ ትናንት የተረፈውን ሽሮ ከምድጃው ላይ አሞቀ፤ እጇን አስታጠባት። በትዳራቸው እሱ ሲያቀርብ እሷ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እንግዲያው ብዪ» አለ። «ቃልሽን ካልመለስሽ ጠግበሽ ኑሪልኝ።»

ይመኙሽም እንጀራውን ቆርሳ በላች።